የአባባ ይማም አራት ባቡሮች

ባለፈው ወር ኬሚስትሪ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንዲት ተማሪ የስፒሪት መብራቷን ለኩሳ የመዳብ ጣሳ ጣደችበት። ጣሳው ዘይት ነገር ነክቶት ነበር መሰለኝ። ስፒሪቱ፣ የጋለው መዳብና ዘይቱ አንድ ላይ ሲሸቱኝ የያዝኩት ጠመኔ ከእጄ ወደቀ።

"መምህር፣ አመመሽ እንዴ?" አለችኝ።

"ትንሽ አሞኛል" ብያት ወጣሁ። ውሸቴን ነው፤ አላመመኝም። አፍሬ ነው።

ሽታው የአባባ ይማም ሳሎን ሽታ ነው። አባባ ይማም ሐይቅ ከተማ ውስጥ አጥር ለአጥር የምንጎራበታቸው ሽማግሌ ነበሩ። ትውልዳቸው አምባሰል ነው። በልጅነታቸው ከውጫሌ ወጥተው ድሬዳዋ ገቡና ዕድሜያቸውን ሙሉ የባቡር መካኒክ ሆነው ኖሩ። እንፋሎት የሚያስኬዳቸውን የድሮዎቹን ባቡሮች ግን አልደረሱባቸውም።

"እኔ ስቀጠር እነሱ ሞተው ነበር" ይሉኝ ነበር። "ናፍጣው መጥቶ፣ እነሱ ግቢው ጥግ ሣር በቅሎባቸው ቆመዋል። ሙያ ያስተማረኝ ሽማግሌ ጧት ጧት ሄዶ ሆዳቸውን መታ መታ ያደርጋል። 'ሲተነፍሱ ብታያቸው' ይለኛል። እኔ ሲተነፍሱ ሳላይ ቀረሁ።"

ጡረታ ሲወጡ እንግዲህ የሚተነፍሱ ባቡሮች መሰብሰብ ጀመሩ። ጀርመን የምትኖር ልጃቸው አገር ቤት በመጣች ቁጥር በልብስ ጠቅልላ አንድ ታመጣላቸዋለች። ክንድ የሚያህሉ፣ ከመዳብና ከነሐስ የተሠሩ፣ መጫወቻ የሚመስሉ ግን እንደ እውነተኛው ውሃ የሚፈላባቸው፣ እሳት የሚነድባቸው፣ የሚያፏጩ ባቡሮች ናቸው። አዲስ ናቸው፤ በዚህ ዘመን የተሠሩ። አንዷማ የምትታዘዘው በሪሞት ነበር።

ሐይቅ የመጡት ለውጥ መጣ በተባለበት ጊዜ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። እስረኛ የተፈታበት፣ ሰው ሁሉ ቲሸርት አሳትሞ የለበሰበት፣ የማይተዋወቅ ሰው የሚተቃቀፍበት ወቅት። ከኮምቦልቻ ወደ ወልድያ የባቡር መንገድ እየተቆፈረ ነው ሲባል ሰምተው፣ "ባቡር አገሬ ሲገባ ከደጄ ቆሜ ልቀበለው" ብለው ድሬዳዋን ለቀው ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ። ባለቤታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል። ብቻቸውን ነበሩ።

ባቡሮቹ አራት ናቸው። በፉጨታቸው ስም አወጡላቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺሆዬ፣ አምባሰል። ሪሞት ያላት አምባሰል ናት። ጥቁር ሆና መንኮራኩሯ ቀይ ነው። ሐዲዱ ከሶፋው ሥር ይነሣል፣ በአልጋቸው ሥር ያልፋል፣ የጫማ መደርደሪያውን ዞሮ ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ የአስርን ሰላት ሰግደው ሲጨርሱ መሬት ላይ ተቀምጠው ያስነሷቸዋል።

እናቴ አስፋልቱ ዳር የሐይቁን ዓሣ እየጠበሰች ትሸጣለች። እኔ በየቀኑ ምሳቸውን አደርስላቸዋለሁ። አድርሼ አልመለስም፤ ሥራ ነበረኝ። ሥራዬ ውሃ ማጣራት ነው። የሐይቁም የቧንቧውም ውሃ ባቡሮቹ ሆድ ውስጥ ድንጋይ ይሠራል፤ የዝናብ ውሃ ብቻ ነው የሚስማማቸው። ከጣሪያው አሸንዳ ሥር ሳፋ አስቀምጥና የተጠራቀመውን በነጭ ጨርቅ ሦስት ጊዜ አጠልለዋለሁ።

"ሐያቴ፣ ያለ ውሃ እሳት አይለኮስም" ይሉኛል ሁልጊዜ፣ ሐያት የሚለውን ስሜን እያቆላመጡ። "ይችን ብቻ ካወቅሽ ባቡር ነጂ ነሽ።"

ውሃው ሲፈላ፣ ከጀርባዋ ያለችው ማስተንፈሻ ሽው ስትል፣ "ነፍሷ መጣች!" ይላሉ። እኔ እውነት ይመስለኝ ነበር። ውሃው ውስጥ ነፍስ አለ ብዬ አምን ስለነበር የማጠልለውን ውሃ አንድ ጠብታ መሬት ላይ ማፍሰስ ያስፈራኝ ነበር።

የምነግራችሁ ክረምት አሥራ አንደኛ ዓመቴን የያዝኩበት ነው። ጦርነቱ ወደ ወልድያ ደርሶ፣ ከቆቦና ከወልድያ በኩል የተፈናቀለው ሰው በእግሩም በአይሱዙም ወደኛ ይጎርፍ ጀመር። ትምህርት ቤታችን በሰው ተሞላ፤ እኔ በተማርኩበት ክፍል ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጥቶ አየሁ። አንድ ቀን ከሰሜን በኩል ሲያጉረመርም ሰምቼ ሳፋዬን ይዤ ሮጥኩና ከአሸንዳው ሥር አስቀመጥኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እናቴ ሳፋውንም እኔንም አየችና፣ "ዝናብ አይደለም፣ ልጄ" ብላ ወደ ቤት አስገባችኝ።

በድምፅ ማጉያ "ሰርጎ ገብ እንዳይገባ አካባቢያችሁን ጠብቁ" ይባላል። እኔ ሰርጎ ገብ የአውሬ ዓይነት ነበር የመሰለኝ፤ እንደ ጃርት አጥር ቀድዶ የሚገባ። የአጥራችንን ቀዳዳ በድንጋይ ደፈንኩት።

የሰው ልብ ሁሉ በዚያ ሰሞን ከቦታው አልነበረም። ጋሽ ካሳው የሚባል የአህያ ጋሪ ያለው ጎረቤታችን አንድ ቀን ሲሚንቶ ጭኖ ሲያልፍ የባቲ ፉጨት ከሳሎን ወጣ። አህያዋ በርግጋ ጋሪው ቦይ ውስጥ ተገለበጠ። ጋሽ ካሳው ሲሚንቶ ሆኖ በሩን ደበደበ።

"አያ ይማም! ይች ፉጨትህ አንድ ቀን ሰው ትገድላለች! ለቀበሌ ባልነግርብህ ካሳው አይደለሁም!"

መንገደኛው ሁሉ ሰማ። አባባ ይማም ወጥተው፣ "አፉ በለኝ ወንድሜ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" ብለው ከረጢቱን አብረውት አነሡ። ነገሩ እዚያው አለቀ። ሰው የያዘው ግን ዛቻውን ነው።

ነሐሴ ላይ ውጫሌ ያሉት እህታቸው አረፉ። አባባ ይማም ለለቅሶ ሲሄዱ ቁልፋቸውን ለእናቴ ሰጧት፤ እሷ ምስማር ላይ ሰቀለችው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከተጠለሉት ሁለት እህትማማቾች ጋር ወዳጅ ሆኜ ነበር። "እኔ ባቡር እነዳለሁ" ብያቸው ስቀውብኛል። ሰው አገሩን ጥሎ በተሰደደበት ጊዜ የኔ ጭንቀት የነሱ ሳቅ ነበር። ቁልፉን አወረድኩና ወሰድኳቸው።

አምባሰልን ሐዲዱ ላይ አቆምኳት። ያጠለልኩት ውሃ አልቋል። ለማጥለል ደግሞ ጊዜ ይፈጃል፤ ልጆቹ ቆመው እያዩኝ ነው። ሆዷ ውስጥ የተረፈ ውሃ አይጠፋም አልኩና ስፒሪቱን ሞልቼ ለኮስኩ። ትንሽ ቆይታ ሽው አለች። ሪሞቱን ገፋሁት፤ ሄደች! ትልቋ ልጅ "ያ አላህ!" ብላ አፏን ያዘች። አንድ ዙር ዞረች። ሁለተኛውን ስታጋምስ ቆመች። እሳቱ ግን ከሥሯ አልጠፋም። የቀለም ሽታ መጣ፣ ከዚያ የውሃ መመልከቻዋ መስታወት ጧ ብሎ ፈነዳ። ልጆቹ ጮኸው ወጡ። በማግስቱ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ደሴ ተሳፈሩ፤ ዳግመኛ አላየኋቸውም።

በእርጥብ ጨርቅ አጠፋኋት። የሆዷ መዳብ ወይን ጠጅ መስሎ ጠቁሯል፤ ከኋላ በኩል ብየዳው ቀልጦ ተንጠባጥቧል። መደርደሪያው ላይ የተቃጠለውን ጎኗን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኳት፣ መስታወቱን ለቀምኩ፣ ቁልፉን ምስማሩ ላይ መለስኩ።

በሁለተኛው ቀን ጧት ሰፈር የሚጠብቁት ወጣቶች ቤት ለቤት እየዞሩ መጡ። መሪያቸው እንድሪስ ነበር፤ ባጃጅ የሚነዳ፣ የምናውቀው የሰፈራችን ልጅ።

"ሐያት፣ እናትሽ የለችም?"

"አስፋልት ናት።"

"አንችስ? በዚህ በኩል አዲስ ሰው፣ የማይታወቅ ዕቃ፣ ሬዲዮ ምናምን አላየሽም?"

እንድሪስ ይህን እስኪጠይቀኝ ድረስ ምንም አላሰብኩም ነበር። ሲጠይቀኝ ግን አንድ ነገር በራልኝ፤ እነዚህ ልጆች የጠረጠሩትን ዕቃ ይወስዳሉ። የተወሰደ ዕቃ አይመለስም። አምባሰል ከተወሰደች ሆዷን ማንም አያይም።

"አባባ ይማም ቤት አንቴና ያለው ነገር አለ" አልኩ።

"የምን አንቴና?"

"በእጅ የሚያዝ ነው። ከፈረንጅ አገር ነው የሚላክላቸው። የመዳብ ቱቦም አለ።"

እንድሪስ ጓደኞቹን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ምን ይሠሩበታል?" አለኝ።

ምን እንደሚሠሩበት ከኔ በላይ የሚያውቅ በከተማው አልነበረም። የትኛው ቁልፍ እንደሚያስፏጭ፣ የትኛው ወደ ኋላ እንደሚመልስ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ።

"አላውቅም" አልኩ።

"ጎበዝ። ማን እንደነገረን አይወጣም፣ አብሽሪ" ብሎኝ ሄደ። በሳምንቱ ዘመተ። ቃሉን ጠብቋል፤ ለማንም አልተናገረም።

አባባ ይማም በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ከውጫሌ ሲመለሱ አራት ወጣቶች ከደጃቸው ጠበቋቸው። በር አስከፍተው ገቡ። እኔ ከአጥራችን ሥር ቆሜ ብረት ማዳበሪያ ውስጥ ሲወረወር ሰማሁ። ሲወጡ አባባ ይማም አዩኝ።

"ሐያቴ! ነይ እስቲ" አሉና ከኮታቸው ኪስ ቢጫ የፕላስቲክ ማጥለያ፣ አፉ ሰፊ ሥሩ ቀጭን የሆነውን፣ አውጥተው ሰጡኝ። "ከውጫሌ ገበያ ነው። ስትቀጂላቸው ውሃው በጎን እየፈሰሰ ሲያስቸግርሽ አይቼ።"

አንደኛው ወጣት ከእጄ ተቀብሎ በቀዳዳው ወደ ሰማይ አየበትና መለሰልኝ። አባባ ይማምን ባጃጅ ላይ አወጧቸው። "ግድ የለም፣ ነግሬያቸው እመጣለሁ" አሉኝ።

መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። አምባሰል ማዳበሪያው ውስጥ ሆና ስትሄድ ትንፋሼ መለስ አለልኝ። ሰውየው አብረዋት መሄዳቸው የገባኝ ባጃጁ ከታጠፈ በኋላ ነው።

ስድስት ቀን ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ያዟቸው። ሲሚንቶ ላይ ነው ያስተኟቸው። እናቴ በየቀኑ ምግብ ይዛ እየሄደች ትለምናለች፣ "የሰባ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፣ ስለ አላህ" እያለች። እኔን ይዛኝ ትሄዳለች፤ ግን ከበር አላልፍም። ባቡሮቹ ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት በመዶሻ ከፈቷቸው። በመጨረሻ ብየዳ የሚያውቅ አንድ ሰው መጥቶ፣ "ኧረ ይሄ ባቡር ነው! የውሃ ባቡር!" አላቸው፤ ለቀቋቸው። ይቅርታም ጠየቋቸው። ግን ሳል ይዘው ነው የወጡት፣ ከዚያ በኋላም አልለቀቃቸውም።

ማን ጠቆመ የሚለውን ሰፈሩ ለመፍረድ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ጋሽ ካሳው ነው ተባለ። ሲዝት ያልሰማ አልነበረማ! እናቴም ጠየቀችኝ፤ "አንችስ ያኔ አልሰማሽውም?"

"ሰምቻለሁ" አልኳት።

እውነቴን ነው፤ ሰምቻለሁ። እውነት ተናግሬ ሰው የበደልኩት ያን ጊዜ ነው።

የጋሽ ካሳውን ጋሪ የሚከራይ ጠፋ። ሰላምታውን የሚመልስ ጠፋ። ይባስ ብሎ መስከረም ላይ እናቱ ሞቱ። ለቀብርና ለለቅሶ የሚረዳዳው የሰፈራችን ቅሬ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሁላችንንም የያዘ ነው። ቀብሩ ላይ ሰው ወጣ፤ "ለሬሳዋ ነው እንጂ ለሱ አይደለም" እየተባለ። ከቀብር መልስ ግን ድንኳኑ ውስጥ አንድም ሰው አልተቀመጠም። ዓሣ ይዤ ሳልፍ ጋሽ ካሳው በባዶ አግዳሚ ወንበሮች መካከል ጋቢውን ተከናንቦ ብቻውን ተቀምጦ አየሁት።

"እንዴት ዋልሽ ሐያት?" አለኝ። ሮጥኩ።

በማግስቱ አባባ ይማም አስጠሩኝ። ሲፈቱ የመለሱላቸውን ማዳበሪያ ምንጣፍ ላይ ዘርግፈውታል። "ነይ፣ የባቲን ከትዝታ እንለይ" አሉኝ። ብሎን በብሎን፣ መንኮራኩር በመንኮራኩር እየለየን ቆየን። በየመሀሉ ያስላሉ። የአምባሰል ሆድ እጃቸው ገባ። አገላበጡት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት፤ አውራ ጣታቸውን የቀለጠው ብየዳ ላይ አሻሹ።

"ይሄ መዶሻ አይደለም" አሉ ለራሳቸው። "ይሄ እሳት ነው።"

እኔ ብሎን እየቆጠርኩ ነው።

"ሐያቴ፣ ውሃ ነበራት?"

"አላውቅም" አልኩ።

ሆዷን በጨርቅ ጠቀለሉና ጎናቸው አስቀመጡት። ለረጅም ጊዜ እጃቸውን አላነሡም። ቀና ብዬ ብናገር የሚሰሙኝ ይመስለኝ ነበር፤ የሚጠብቁም ይመስለኝ ነበር። ዙህር አዛን አለ። ሰገዱና፣ "ትከሻሽን አውሽኝ፣ የምንሄድበት አለ" አሉኝ።

ትከሻዬን ተደግፈው እያሳሉ የሄዱት ጋሽ ካሳው ድንኳን ነው። ገብተው አጠገቡ ተቀመጡ። "እናትህን አላህ ይማራቸው። ዘገየሁብህ፣ አሞኝ ነው" አሉት። ጋሽ ካሳው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ሰው ከየደጁ አያቸው። ተበዳዩ ተቀምጠው ሌላው ሊቆም አይችልም፤ አንድ ሁለት እያለ ገባ። እናቴም እጇን በመቀነቷ እየጠረገች መጣች። ድንኳኑ ሲሞላ የቅሬው ዳኛ፣ "አያ ይማም፣ እንግዲህ ካሳውን ይቅር ብለኸው ነው?" አሉ።

"ካሳው ምን አደረገኝና? ካሳው አይደለም።"

"በምን አወቅህ?"

"ዕቃዬን አየሁት። ባለሙያ ነኝ፤ ዕቃ አይዋሸኝም።"

"ታዲያ ማነው?"

አባባ ይማም ሳላቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅን።

"አፉ ብያለሁ" አሉ። "እናንተ ካሳውን አፉ በለን በሉት።"

ልጅ ብሆንም ቋንቋዬን አውቃለሁ። "ብየዋለሁ" ቢሉ ሰው ወንድ ይፈልጋል፤ ይዋሻሉም። "ብያታለሁ" ቢሉ ደግሞ ያለቀልኝ ነበርኩ። ወንድም ሴትም የማያሳየውን ቃል መርጠው ነው የተናገሩት። ከዚያ የተቀመጠውን ሰው ከዳር እስከ ዳር አንድ በአንድ አዩት፤ እኔ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸውን ዘለል አድርገው ወደ እናቴ አለፉ። ሰው ዓይናቸውን ተከትሎ እንዳያገኘኝ ነው። ሽማግሌዎቹ እየተነሡ የጋሽ ካሳውን ትከሻ ሳሙ፤ እናቴ እያለቀሰች "አፉ በለኝ ወንድምዓለም" አለችው። እኔ ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር ተጣብቄ ቆሜ ነበር።

ከተማውን ለቀን የወጣነው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነው። የመድፉ ድምፅ ከአምባሰል በኩል ቀርቦ፣ ጧት ላይ ሰው እንዳለ አስፋልቱ ላይ ወጣ። መኪና አልተገኘም። ጋሽ ካሳው ሚስቱንና ልጆቹን ከዘመድ ጋር አስቀድሞ ልኮ ነበር፤ ጋሪውን እየነዳ እኛ በር ቆመ። አባባ ይማምን ተሸክሞ አውጥቶ በፍራሽ ላይ አስቀመጣቸው። እናቴ እቃ ተሸክማ ከፊት ቀደመች።

ከሐይቅ ደሴ በእግር ሙሉ ቀን ይፈጃል። አባባ ይማም ጋሪው ላይ፣ ጋሽ ካሳው ከኋላ፣ እኔ ከጎናቸው። የበደልኳቸውን ሁለት ሰዎች ክንዴን ብዘረጋ እነካቸው ነበር። የሚሰማን የሰፈር ሰው በዙሪያችን የለም፤ ሁሉም የራሱን ይጎትታል። እዚያ ድልድይ ስንደርስ እናገራለሁ እላለሁ፤ ድልድዩ ያልፋል። እዚያ ዛፍ ጋ እላለሁ፤ ዛፉም ያልፋል። ሁለት ጊዜ "አባባ" ብዬ ጠርቻቸዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ "ወይ ልጄ" ብለው ጎንበስ አሉልኝ። "ውሃ ልስጥዎት?" አልኳቸው።

ዳገቱ ሲጀምር አህያዋ ደከመች። ጋሽ ካሳው ጫማውን አውልቆ ከኋላ ይገፋ ጀመር። ላቡን በክንዱ ሲጠርግ እያነከስኩ መሆኔን አየ።

"ደክሞሻል አይደል? ነይ፣ ውጭ እላዩ።"

"አይ፣ ይከብዳል" አልኩ።

"አንች ምን ትከብጃለሽ? ነይ እንጂ!"

አባባ ይማም እያሳሉ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ወጣሁ። ጋሽ ካሳው ግንባሩን ዝቅ፣ ትከሻውን ጋሪው ላይ አደረገና ሁለታችንንም ይገፋን ጀመር።